ስለ እርቅና ስለ ወንጀል ክስ፤ ጎረቤታሞች ሲታረቁ መዝገቡ ይዘጋልን?

«እርቅ ደም ያደርቃል» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ በመካከላችን የለም። በሌላው በኩል ደግሞ ሕግ ለመማር ከገባን በኋላ አስቀድሞ የሚነገረን፥ ወንጀል በአንድ ሰው ላይ ቢፈጸም እንኳ የተደፈረው የሁላችን ሕግ ስለ ሆነ ከሳሹ ተበዳዩ ሳይሆን መንግሥት ነው የሚለው ነው። ሁለቱም ቃላት በየቤታቸው ሲነገሩ እውነት ናቸው። በአንድ መዝገብ ላይ ሲገናኙ ግን ይጋጫሉ። ከተጋጩም ዘንድ የሚጐዳው ወረቀቱ አይደለም፤ በእሥር ቤት ያለው አባወራ፥ በቤቱ ቆስሎ የተኛው ጎረቤት፥ የሁለቱም ልጆችና በመካከላቸው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ ይህ ነው። ጎረቤታሞች ተጣልተው፥ አንዱ ሌላውን አቁስሎ፥ ክስ ከተመሠረተ በኋላ በሽማግሌ ቢታረቁ፥ ፍርድ ቤቱ የወንጀሉን መዝገብ ሊዘጋ ይችላልን? ቢችልስ እስከ ምን ድረስ ነው? አንባቢያን ጓደኞቻችን ብዙዎቻችሁ የሕግ ተማሪዎች አይደላችሁም፤ ነገር ግን ለእረፍት ወደ አገራችሁ ስትገቡ «አንተ የተማርህ ነህ፥ እስቲ ሕጉ ምን ይላል?» ተብላችሁ መጠየቃችሁ ስለማይቀር፥ ነገሩን ከሥር ጀምረን በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት እንሞክራለን።

1ኛ/ ምሳሌው

ነገሩን በጭብጥ ለመያዝ እንዲመቸን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌው ለትምህርት ያበጀነው ነው እንጂ የማንም ሰው ታሪክ አይደለም። ቦታው በአዊ ዞን፥ ጥርባ ይሁን። የአዊ ደጋ ገብስና ድንች የሚመረትበት፥ ፈረስ የሚከበርበት፥ ከቅርብ ዘመን ወዲህም ለከሰል የሚሆነው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ በየማሳው ዳር የተስፋፋበት አገር ነው። መሬቱ ጠባብ፥ ማሳው ተቀጣጣይ ስለ ሆነ አንዱ ጎረቤት ከሌላው ጋር ሳይነካካ መኖር አይችልም። የአንዱ ዛፍ የሌላውን አዝመራ ያጠላበታል፤ የአንዱ እርሻ የሌላውን ድንበር ይገፋል፤ የአንዱ ከብት የሌላውን ቡቃያ ይበላል።

እንግዲህ በጥርባ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ እንበል። አንዱን ባለ ፈረሱ፥ ሁለተኛውን ባለ ገብሱ ብለን እንጥራቸው። በመስከረም ወር የባለ ፈረሱ ፈረስ ገመዱን በጥሶ ከገብሱ ማሳ ገባ። ባለ ገብሱ ፈረሱን ይዞ በደጁ አሠረውና «የገብሴን ዋጋ ሳልቀበል አልለቅም» አለ። ባለ ፈረሱ መጣ፤ ቃል ከቃል ተያያዘ፤ በመጨረሻም ባለ ፈረሱ በያዘው ዱላ የባለ ገብሱን ክንድ መታው። ባለ ገብሱም «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰውም ደርሶ ገላገላቸው። በማግሥቱ ባለ ገብሱ ለፖሊስ አመለከተ፤ ምስክር ተሰማ፤ የሐኪም ማስረጃ ቀረበ፤ ዐቃቤ ሕግም ክስ አቀረበ።

ክሱ በቀጠሮ ላይ ሳለ ሽማግሌዎች ገቡ። ሁለቱ የአንድ ዕድር አባሎች ናቸው፤ ሚስቶቻቸው ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን በየተራ ሰሙ። ባለ ፈረሱ ጥፋቱን አመነ፤ የማሳከሚያውን ገንዘብ ከፈለ፤ ለተበላው ገብስ በአጨዳ ጊዜ እህል ሊሰጥ ዋስ ጠራ፤ ከባለ ገብሱ ጉልበት ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። ባለ ገብሱም አነሣው፤ ተሳሳሙ። በቀጠሮው ቀን ሁለቱም ተያይዘው ችሎት ቀረቡና «ክቡር ፍርድ ቤት፥ እኛ ታርቀናል፤ ክሱ ይቅርልን» አሉ።

ዳኛው ምን ማለት ይገባዋል? መልሱን ከመስጠታችን በፊት ክስ የማን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልገናል።

2ኛ/ ክስ የማን ነው?

በጥንቱ የአገራችን ሥርዓት በበደልና በወንጀል መካከል ዛሬ እንደምናደርገው ያለ ሰፊ ወሰን አልነበረም። ሰው የገደለ እንደ ሆነ ነገሩን የሚያነሡት የሟች ዘመዶች ነበሩ። ዳኛ ነገሩን ከመረመረና ከፈረደ በኋላም ገዳዩ ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ደም ለመመለስ ወይም ካሳ ተቀብለው ለመማር ምርጫው የእነርሱ ነበር። መንገደኛ እንኳ በመንገድ ላይ ዳኛ ሆኖ ተከራካሪዎችን ያስታርቅ እንደ ነበር የታወቀ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን እርቅ ከፍርድ ውጭ ያለ ነገር አልነበረም፤ የፍርዱ አንድ ክፍል ነበር።

የመንግሥት ሥልጣን እየጠነከረ ሲሄድ ይህ ተለወጠ። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከጠላት ወረራ በኋላም ዣን ግራቨን የተባሉት የስዊስ ሊቅ ያረቀቁት አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ታውጆ በ1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ይህም ሕግ በበኩሉ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተተክቷል፤ የ1996ቱ ሕግ የጸናው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ሁለቱም ሕጎች የተመሠረቱበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ወንጀል በሕዝብ ሰላም ላይ የሚፈጸም ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ክስ የማቅረብ ሥልጣን በመሠረቱ የዐቃቤ ሕግ ነው የሚለው ነው።

ይህ ሐሳብ ያለ ምክንያት አልመጣም። ክሱ የተበዳዩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘመድ የሌለው ሰው ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ይቀር ነበር። ባለጠጋው ደሃውን አቁስሎ በጥቂት ብር አፉን ያስይዘው ነበር። ተበዳዩ ቢፈራም፥ ቢታለልም፥ ቢሞትም ሕግ በስሙ የሚናገርለት ሰው እንዲኖር ነው ዐቃቤ ሕግ የቆመው። እንግዲህ ባለ ፈረሱና ባለ ገብሱ «ታርቀናልና ክሱ ይቅርልን» ሲሉ፥ በጥብቅ አነጋገር የራሳቸው ያልሆነውን ነገር ነው ለመተው የሚጠይቁት።

3ኛ/ ሕጉ ለእርቅ የተዋቸው በሮች

ይሁን እንጂ ሕግ አውጪው የአገሩን ጠባይ ፈጽሞ አልረሳም። በ1954 ዓ.ም. የወጣውና ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፥ ከወንጀል ሕጉ ጋር ተያይዞ ሲነበብ፥ ለእርቅ ቢያንስ አራት በሮች ትቷል። በሮቹ እኩል ሰፊ አይደሉም፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ የዚህ ትምህርት ዋና ፍሬ ነው።

የመጀመሪያው በር የአጥቢያ ዳኛ ነበር። የአጥቢያ ዳኞች በ1939 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋሙ ሲሆኑ፥ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 223 ሥልጣናቸውን ሲወስን፥ በተቻለ መጠን የስድብን፥ የእጅ እልፊትን፥ የጥቂት ንብረት ጉዳትንና ዋጋው ከ5 ብር የማይበልጥ የጥቃቅን ሌብነትን ነገር በእርቅ እንዲጨርሱ አዘዘ። እርቁ ያልሆነ እንደ ሆነ ዳኛው ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጦ ከ15 ብር የማይበልጥ መቀጫ ሊፈርድ ይችል ነበር። አንባቢ ልብ እንዲል የምንሻው ቅደም ተከተሉን ነው፤ እርቅ ፊተኛ፥ ቅጣት ኋለኛ ነበር። የአጥቢያ ዳኞች በአብዮቱ ዘመን ቀርተው በገጠር የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ፥ በከተማም የቀበሌ ሸንጎ ተተኩ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች መጡ። ስሙ ቢለዋወጥም በመንደር ደረጃ ጥቃቅኑን ነገር በቅርብ ሰው የመጨረስ ሐሳብ አልጠፋም።

ሁለተኛው በር የግል አቤቱታ ነው። ሕጉ አንዳንድ ወንጀሎችን ተበዳዩ ራሱ ካላመለከተ በቀር አይከሰስባቸውም ብሎ ለይቷቸዋል። ስድብ፥ የእጅ እልፊት፥ በሰው ንብረት ላይ የሚደረግ ተራ ጉዳትና ቀላል የአካል ጉዳት ከነዚህ ውስጥ ይቈጠራሉ። በ1996ቱ ሕግ ቁጥር 556 ንኡስ ቁጥር 1 መሠረት ቀላል የአካል ጉዳት በአቤቱታ የሚያስቀጣ ሲሆን ቅጣቱም ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቀላል እሥራት ወይም መቀጫ ነው። የዚህ ዓይነቱ ወንጀል ቁልፍ በተበዳዩ እጅ ነው። ተበዳዩ ከመጀመሪያው በእርቅ ረክቶ ሳያመለክት ቢቀር ነገሩ በዚያው ያበቃል። አቤቱታ ማቅረቢያውም ጊዜ ሦስት ወር ነው።

ሦስተኛው በር የግል ክስ ነው። በአቤቱታ በሚያስቀጣ ወንጀል ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው አይበቃም ብሎ ክስ ለማቅረብ እምቢ ያለ እንደ ሆነ፥ ተበዳዩ ራሱ ክሱን እንዲያቀርብ በጽሑፍ ይፈቅድለታል። እንዲህ ያለው የግል ክስ ሲሰማ፥ በቁጥር 151 እንደ ተመለከተው፥ ዳኛው ክሱን ለተከሳሹ ከማንበቡ በፊት ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ መሞከር አለበት። ከታረቁም እርቁ በመዝገብ ይጻፋል፤ እንደ ፍርድም ይቈጠራል። ይህ እጅግ ጠንካራ በር ነው። በዚህ የገባ እርቅ ነገሩን ፈጽሞ ይዘጋዋል።

አራተኛው በር ክስ ማንሳት ነው። በቁጥር 122 መሠረት ዐቃቤ ሕግ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ክሱን ሊያነሳ ይችላል። እዚህ ላይ ተበዳዩና ተከሳሹ በራሳቸው ሥልጣን የላቸውም፤ መለመን ይችላሉ እንጂ ማዘዝ አይችሉም። ደግሞም በዚህ መንገድ የተለቀቀ ተከሳሽ ዳግመኛ ሊከሰስ ይችላል፤ መለቀቁ ለኋለኛ ክስ መከላከያ አይሆንለትም። ከቁጥር 151 ጋር ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ የ151 እርቅ በሩን ዘግቶ ይቈልፋል፤ የ122 ማንሳት ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። በየወረዳው «ክሱ ተነሥቶልኛል» ብሎ የሚመለስ ገበሬ ይህን ልዩነት የሚነግረው ሰው ማግኘቱ እምብዛም ነው።

ከነዚህ አራት በሮች ሌላ አንድ መስኮት አለ። ነገሩ ተሰምቶ ተከሳሹ ጥፋተኛ ቢባል እንኳ፥ እርቁ በቅጣቱ ላይ ይሠራል። የ1996ቱ ሕግ ቁጥር 82 ከቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ውስጥ፥ ጥፋተኛው ከልብ መጸጸቱን በሥራ ያሳየ እንደ ሆነ፥ ይኸውም ተበዳዩን በመርዳት፥ ጥፋቱን በማመን ወይም ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን በመካስ፥ ቅጣቱ እንዲቀልለት ያዛል። ለከባድ ወንጀል በሮቹ ሁሉ ሲዘጉ ይህ መስኮት ክፍት ሆኖ ይቀራል።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲም ነገርን በእርቅና በሌሎች አማራጭ መንገዶች ስለ መጨረስ ተናግሯል። ይህም ከሃምሳ ዓመት በፊት የተጻፈው የሥነ ሥርዓት ሕግ ለአገሩ ልማድ የተወው ቦታ ጠባብ መሆኑን መንግሥት ራሱ እንደ ተገነዘበው ያስረዳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5 የባህልና የሃይማኖት ሕግ በተከራካሪዎች ፈቃድ እንዲዳኝ የተወው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ስለ ወንጀል አልተናገረም። በአንቀጽ 78 ግን የክልል ምክር ቤቶች የባህል ፍርድ ቤቶችን ሊያቋቁሙ ወይም እውቅና ሊሰጡ እንደሚችሉ ይደነግጋል፤ የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. ስለ ባህል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ያወጣው በዚሁ መሠረት ነው።

4ኛ/ ወደ ምሳሌው እንመለስ

አሁን ለዳኛው መልስ መስጠት እንችላለን፤ መልሱ ግን እንደ ቁስሉ ይለያያል።

የባለ ገብሱ ክንድ ቢያብጥና በሳምንት ቢሽር፥ ነገሩ በአቤቱታ የሚያስቀጣ ቀላል ጉዳት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነና ባለ ገብሱ አቤቱታውን ትቻለሁ ካለ ክሱ የቆመበት መሠረት ይናዳል። ዐቃቤ ሕግም ይህን ሲሰማ ክሱን ያነሳል፤ ፍርድ ቤቱም ይፈቅዳል፤ መዝገቡ ይዘጋል። በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ክንዱ ቢሰበርና ባለ ገብሱ ከእንግዲህ ወዲያ ሞፈር መጨበጥ የማይችል ቢሆንስ? አሁን ነገሩ በቁጥር 555 የተመለከተው ከባድ የአካል ጉዳት ነው፤ ቅጣቱም እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊደርስ ይችላል። ይህ በአቤቱታ የተወሰነ አይደለም። ባለ ገብሱ ይቅር ቢልም የክሱ ባለቤት ዐቃቤ ሕግ ነው። እርቁ እዚህ ላይ የሚያገለግለው በቅጣት ማቅለያነት ነው። ካሳውን በሚመለከት ግን ሙሉ ኃይል አለው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3307 ጀምሮ እንደሚለው፥ ሰዎች ስለ ገንዘብ መብታቸው የተስማሙት ስምምነት በመካከላቸው እንደ መጨረሻ ፍርድ የጸና ነው። እንግዲህ አንዱ እርቅ በካሳው ፊት ፍርድ ሲሆን፥ በቅጣቱ ፊት ግን ምስክር ብቻ ነው።

ዱላው ከራሱ ላይ አርፎ ባለ ገብሱ ቢሞትስ? ሕጉ ያለ ጥርጥር መልስ ይሰጣል። ተራ የሰው መግደል እንኳ በቁጥር 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ ማንም ሽማግሌ ይህን አያስቀርም። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ እርቅ የሚያስፈልገው በዚሁ ቦታ ነው። ምክንያቱም ገዳዩ ዓመቱን ቈጥሮ ሲፈታ የሟች ልጅ አድጎ ይጠብቀዋል። ፍርድ ቤቱ ስለ ገዳዩ ፈርዷል፤ ስለ ሟች ልጅ ቂም ግን ምንም አልፈረደም። ይህን ቂም የሚያወርድ ሽማግሌ፥ ቄስና ዘመድ ነው። እንግዲህ በነፍስ ነገር ፍርዱና እርቁ አንዱ የሌላው ምትክ አይደሉም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

5ኛ/ ሽማግሌዎች የሚያደርጉት፥ ፍርድ ቤት የማያደርገው

እኛ ተማሪዎች ከመጽሐፍ በመማራችን ሽማግሌዎችን እንደ ኋላ ቀር ነገር የማየት ዝንባሌ አለን። ይህ ስሕተት ነው። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው «በመስከረም ይህን ያህል ቀን፥ በዚህ ቦታ፥ ማን ማንን መታ?» ብሎ ነው። ሽማግሌዎች ግን የድንበሩን ቦይ፥ ያለፈውን ዓመት ነገር፥ በሠርግ ላይ የተነገረውን ክፉ ቃል ሁሉ ይጠይቃሉ። ዱላው የተነሣው ስለ ገብሱ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃሉና። ፍርዱ ባለ ፈረሱን ቢያሥር ፈረሱን ከገብሱ የሚከለክል አጥር አይሠራም፤ ሽማግሌዎች ግን «አጥሩን እኩል ትሠራላችሁ» ብለው ይወስናሉ።

በአዊ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የአገሩ ሰው አፉን የፈታው በአዊኛ ነው። ተከሳሽ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማይረዳ እንደ ሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት የመጠየቅ መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተጠብቋል። ነገር ግን ይቅርታ በአስተርጓሚ ሲጠየቅና በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲጠየቅ አንድ አይደለም። ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚሰሙት ቃል ከሆድ የወጣ ነው። እንዲሁም ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ኖረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ያሉ የአገሩ ማኅበራት ሰዎችን በአንድነት አስተሳስረው ያቆያሉ፤ ሰውም የሚያከብረውን ማኅበር አባል አስቀይሞ መኖር ያፍራል። ይህ እፍረት ፖሊስ በሌለበት ቦታ የፖሊስን ሥራ ይሠራል።

በመጨረሻም የኑሮው ነገር አለ። ባለ ፈረሱ በአጨዳ ጊዜ ሦስት ወር ቢታሠር ማሳው ያለ አጫጅ ይቀራል፤ ለባለ ገብሱም ሊሰጥ ዋስ የጠራበት እህል አይገኝም። እንዲህ ሲሆን ቅጣቱ የሚካሰውን ሰው ደግሞ ይቀጣዋል።

6ኛ/ የእርቅ አደጋዎች

የእርቅን መልካምነት ከተናገርን ዘንድ ጕድለቱንም ልንሰውረው አይገባንም።

አንደኛው አደጋ ማስገደድ ነው። ሽማግሌ «እምቢ አልታረቅም» ያለውን ሰው ልበ ደንዳና ይለዋል፤ ዕድሩም ፊቱን ያዞርበታል። ደሃ ተበዳይ በባለጠጋ ዘመዶች ተከቦ «ይቅር ብያለሁ» ሲል ያ ይቅርታ የአፍ ነው ወይስ የልብ? መዝገቡን የሚዘጋው ዳኛ ይህን ሳይመረምር ቢዘጋ፥ ሕግ ለደካማው ቆሜያለሁ ያለው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ሁለተኛው አደጋ በሴቶች ላይ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ በሕጋችን ታሪክ ውስጥ አናገኝም። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ያገባት እንደ ሆነ ክሱ ይቀርለት ነበር። ይህ እርቅ ተብሎ ይጠራ ነበር፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠውበታል፥ ጥሎሽ ተቈርጦበታል፥ ድግስ ተደግሶበታል። ነገር ግን የታረቁት ጠላፊውና አባትዮው ናቸው እንጂ ልጅቱ አይደለችም። ተበዳይዋ በሌለችበት የተደረገ እርቅ ሁለተኛ በደል እንጂ እርቅ ሊባል አይገባውም። የ1996ቱ ሕግ ይህን አስቀርቶ፥ በቁጥር 587 ንኡስ ቁጥር 3፥ ከጠለፋ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድነው ደነገገ። ሕጉ የተለወጠው በወረቀት ላይ ነው፤ በመንደር እንዲለወጥ ግን እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ገና ብዙ ድካም ይጠብቀናል።

ሦስተኛው አደጋ ምስክር ማጥፋት ነው። ሕጉ በሩን በከባድ ወንጀል ላይ ሲዘጋ፥ የታረቁት ወገኖች አንዳንድ ጊዜ በጓሮ ይወጣሉ። ምስክሮቹ «አላየሁም፥ አልሰማሁም» እንዲሉ የእርቁ አንድ ቃል ሆኖ ይገባል። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ያጣል፤ ተከሳሹ በነፃ ይለቀቃል። እንዲህ ሲሆን መዝገቡን የዘጋው እርቁ ሳይሆን ሐሰት ነው። ምስክሮቹም በመሐላ ላይ በመዋሸታቸው ራሳቸው ወንጀለኞች ይሆናሉ። ትናንት አንድ ጥፋተኛ የነበረበት መንደር ዛሬ አምስት ጥፋተኞች ይኖሩበታል።

7ኛ/ ሌሎች አገሮች እንዴት አደረጉ?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በሕንድ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ራሱ በእርቅ ሊያልቁ የሚችሉትን ወንጀሎች በሠንጠረዥ ዘርዝሮ አስቀምጧል፤ አንዳንዶቹን ተበዳዩ በራሱ ፈቃድ፥ ሌሎቹን ግን በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ብቻ ይተዋቸዋል። ከሠንጠረዡ ውጭ ያሉትን በሚመለከት የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በጊያን ሲንግ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፥ ነገሩ በዋናው የግል ጠብ የሆነ እንደ ሆነና ወገኖቹ በእውነት ከታረቁ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሱን ሊሰርዝ ይችላል፤ ግድያን፥ አስገድዶ መድፈርንና እነዚህን የመሳሰሉትን ከባድ ወንጀሎች ግን በእርቅ ምክንያት መሰረዝ አይቻልም ብሏል። በጀርመንም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 46ሀ፥ ጥፋተኛው ከተበዳዩ ጋር ለመታረቅ የጣረና ጉዳቱን የካሰ እንደ ሆነ፥ ቅጣቱ እንዲቀልለት፥ በቀላል ነገርም ጭራሽ እንዲቀርለት ለዳኛው ሥልጣን ይሰጣል።

ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነገር አለ። እነርሱ እርቁን አልከለከሉም፤ ለብቻውም አልለቀቁትም። በዳኛ ዓይን ፊት እንዲያልፍ አደረጉት።

8ኛ/ የእኛ ሐሳብ

በዚህ ጉዳይ በመካከላችን ስንከራከር ከርመናል። ከፊላችን «ሰዎቹ ከታረቁ መንግሥት ምን ቸገረው?» ስንል፥ ከፊላችን ደግሞ «እርቅ የባለጠጋ መሸሻ ነው» ብለን ተከራክረናል። በመጨረሻ የተስማማነው በሚከተለው ነው።

እርቅን የሚቀበል ዳኛ መዝገቡን ከመዝጋቱ በፊት አምስት ጥያቄዎች ሊጠይቅ ይገባዋል። አንደኛ፥ ተበዳዩ ራሱ ቀርቧልን? ወይስ ስለ እርሱ ሌላ ሰው ነው የታረቀው? ሁለተኛ፥ ዳኛው ተበዳዩን ከተከሳሹና ከሽማግሌዎቹ ለይቶ ለብቻው ጠይቆታልን? ሦስተኛ፥ ካሳው ተከፍሏልን ወይስ ተስፋ ብቻ ነው? ተስፋ ከሆነ ዋሱ ማን ነው? አራተኛ፥ ተከሳሹ ከዚህ ቀደም በዚህ ዓይነት ጥፋት ታርቆ ያውቃልን? በየዓመቱ እየመታ በየዓመቱ የሚታረቅ ሰው እርቅን የዱላ ዋጋ አድርጎታልና። አምስተኛ፥ ወንጀሉ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ውጭ ሌላውን ሰው የሚያሠጋ ነውን?

ለነዚህ ጥያቄዎች መልካም መልስ ከተገኘ ቀላሉ ነገር ቢዘጋ ሕግ አይዋረድም፤ እንዲያውም ይከበራል። መካከለኛው ነገር፥ ማለት ከቀላል ጉዳት በላይ ሆኖ ግን በቀላል እሥራት የሚያልቀው፥ በዐቃቤ ሕግ ስምምነትና በፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲዘጋ፥ ሲዘጋም እንደ ቁጥር 151 እርቅ ፈጽሞ እንዲዘጋ ሕጉ በግልጥ ቢናገር እንወዳለን። ካሳውን ከፍሎ፥ ጉልበት ስሞ የታረቀን ሰው «ነገ እንደገና ልትከሰስ ትችላለህ» ማለት እርቁን ያላላዋልና። ከባዱ ነገር ግን ይፈረድበት፤ እርቁም በጎን ይቀጥል፤ ዳኛውም ቅጣቱን ሲመዝን እርቁን በሚዛኑ ላይ ያኑረው። እንዲህ ከሆነ ታራቂዎች ምስክር ለማጥፋት አይገደዱም፤ እውነቱን ተናግረው እርቃቸው የሚቈጠርበት ሥፍራ አግኝተዋልና።

አንባቢያን ሆይ፤ የባለ ፈረሱንና የባለ ገብሱን ነገር በምሳሌ አመጣነው እንጂ እንዲህ ያለ ጠብ በእያንዳንዳችን አገር አለ። ክረምት ሲደርስ ወደ ቤታችን ስንገባ አባቶቻችን ከሽምግልና ውለው ሲመለሱ እናገኛቸው ይሆናል። እንግዲህ እንዲህ ብለን ብንጠይቃቸው መልካም ነው፤ «አባባ፥ የተበደለው ሰው ራሱ ተናገረ? ሴትዮዋስ ተጠየቀች? ምስክሮቹ እውነቱን እንዳይናገሩ የተባለ ነገር አለ?» ብለን በአክብሮት እንጠይቅ። ስለ ቁጥር 122ና ስለ ቁጥር 151 ልዩነትም እናስረዳቸው። እነርሱ ደግሞ በመጽሐፍ የሌለውን፥ የተጣላን ሰው ልብ እንዴት እንደሚመልሱ ያስተምሩናል።

ከዚህ ጽሑፍ ጋር የማይስማማ ጓደኛ ቢኖር ሐሳቡን ለሚቀጥለው እትም እንዲጽፍ እንጋብዛለን። በተለይም አምስቱ ጥያቄዎች ለወረዳ ዳኛ ከባድ ሸክም ናቸው የሚል ቢኖር፥ የትኛውን እንደሚያስቀርና በምን ምክንያት እንደሚያስቀር ቢያስረዳን፥ እኛም እንደ ታራቂ ሰው ስሕተታችንን ለማመን ዝግጁዎች ነን።